ስክሪኑ ነው የሞተው ወይስ መብራቱ?
ለቢቸናና ለሞጣ ነዋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አሮጌ ዕቃ ነው። ድምፁ እየተሰማ ምስሉ የጠፋ ቴሌቪዥን፣ ከቁጥሩ ግማሹ ብቻ የሚታይ ሚዛን፣ በጤና ተቋም ጥግ ጨርቅ ለብሶ የቆመ መሣሪያ፣ በትምህርት ቤት ግምጃ ቤት ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠ ሰፊ ጥቁር መስታወት። የሁሉም በሽታ በአንድ ቃል ይነገራል፤ «ስክሪኑ ሞቷል» ይባላል። ቀጥሎም «መለዋወጫ የለውም» ይባልና ነገሩ ይዘጋል። ሁለቱም አባባሎች ብዙ ጊዜ እውነት አይደሉም። እውነት የሚሆኑበት ጊዜም አለ፤ ያ ጊዜ እንዴት እንደሚመጣ ለማየት ሁላችንም የምናስታውሰውን ፕላዝማ ማንሣት ይበቃል።

በ1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ የራሱን ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርስ ጎልማሳ ነው። ያ ትውልድ በሳተላይት የተማረ የመጀመሪያው ትውልድ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር በመላ አገሪቱ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሳተላይት ሳህን አስተክሎ፣ በየክፍሉ ፊት ለፊት ፕላዝማ ቴሌቪዥን አስቀምጦ፣ ሒሳቡንና ፊዚክሱን፣ ኬሚስትሪውንና ባዮሎጂውን በአንድ ጊዜ ለሁሉም ያሠራጭ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጸው የመጡ ነበሩ፤ ቋንቋቸውም እንግሊዝኛ ነበር። ከክፍለ ጊዜው ግማሽ ሰዓት ያህሉን ስክሪኑ ይወስደዋል፤ መምህሩ በፊትና በኋላ በተረፈችው ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ያጠቃልላል። መብራት ከሄደ ትምህርቱ አብሮ ሄደ ማለት ነው፤ ሳተላይት ቆሞ አይጠብቅም። ፕላዝማ ጠቀመ ወይስ ጎዳ የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ጉባኤ ይፈልጋል፤ ዛሬ እኔን የሚያገባኝ መስታወቱ ነው።

የሚገርመው፣ ፕላዝማ ስክሪን ሲወለድም ለትምህርት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘርና ጂን ስሎቶው ሮበርት ዊልሰን ከሚባል ተማሪ ጋር ሆነው «ፕላቶ» ለተባለ የማስተማሪያ ኮምፒውተር ስክሪን ይፈልጉ ነበር። የዘመኑ የቴሌቪዥን መስታወት ምስሉን በየቅጽበቱ ደጋግመው ካልሣሉበት ይጠፋበታል፤ ይህን ለማድረግ ደግሞ በጊዜው እጅግ ውድ የነበረ የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ያስፈልጋል። እነርሱ አንድ ጊዜ የበራ ነጥብ እስኪያጠፉት ድረስ በርቶ የሚቆይበት ጠፍጣፋ መስታወት ሠሩ። ብርሃኑ ብርቱካናማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ 512 በ512 ነጥብ ያለው፣ ተማሪው በጣቱ እየነካ የሚመልስበት የፕላቶ ስክሪን ሥራ ላይ ዋለ። ወደ እኛ አገር ክፍሎች የገባው የዚያ ዕቃ የልጅ ልጅ ነው፤ ከአርባ ዓመት በኋላ ወደ ተፈጠረበት ሥራ ተመለሰ።

አሠራሩን ላስረዳ። ሁለት መስታወቶች ፊትና ኋላ ሆነው ተጣብቀዋል፤ በመካከላቸው ከሚሊዮን በላይ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። በየክፍሉ ኒዮንና ዜኖን የሚባሉ ጋዞች ታሽገዋል። ወደ 200 ቮልት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ በምት በምት ሲላክባቸው ጋዙ ዓይን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ይሰጣል፤ ጨረሩ በክፍሉ ውስጥ የተቀባውን ፎስፈር ሲመታ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ብርሃን ይወጣል። የፍሎረሰንት አምፖል ሥራም በመሠረቱ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የደጋው አገራችን ጉዳይ ይመጣል። ጋዙ የሚታሸገው ከባሕር ጠለል የአየር ግፊት ባነሰ ግፊት ነው። ባሕር ዳርቻ ባለ አገር የውጭው አየር ሁለቱን መስታወቶች ወደ ውስጥ ተጭኖ አጥብቆ ይይዛቸዋል። ቢቸናም ሞጣም የተቀመጡት 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የውጭው መጫን ሲቀንስ መስታወቱ ላላ ይላል፣ በየኤሌክትሪክ ምቱ ይንቀጠቀጣል፣ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅም ያወጣል። ብዙ አምራቾች በመመሪያ መጽሐፋቸው ላይ የከፍታ ገደብ ይጽፉ የነበረው ለዚህ ነው፤ የተለመደው ገደብ 2000 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሚፈቀድላቸው አንዳንዶቹ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ «ፕላዝማው ይጮኻል፣ ተበላሽቷል» ተብሎ ከግድግዳ የወረደ ካለ፣ ምናልባት አልታመመም፤ አገሩ አልተስማማውም ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለው የፕላዝማ ታሪክ አጭር ነው። ኤልሲዲ የሚባለው ሌላው ጠፍጣፋ ስክሪን ረከሰ፣ ክብደቱ ቀነሰ፣ የሚፈጀው ኤሌክትሪክም አነሰ። ፓዮኒር ከቴሌቪዥን ሥራ እንደሚወጣ በ2001 ዓ.ም. አስታወቀ። ፓናሶኒክ በ2006 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ የፕላዝማ ምርቱን አቆመ። ሳምሰንግና ኤልጂ በ2007 ዓ.ም. ተከተሉት። ዛሬ አዲስ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ፓኔል የሚሠራ ፋብሪካ በዓለም ላይ የለም። ከ1997 እስከ 2007 ቁጠሩት፤ ዐሥር ዓመት ነው። የክፍሉ ዴስክ ገና አላረጀም፣ ሰሌዳው ገና ይጻፍበታል፤ የስክሪኑ ፋብሪካ ግን ተዘግቷል።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ፍሬ ነገር ከዚህ ይነሣል። ስክሪን የሚያመርቱ ፋብሪካዎች አንዱን ዓይነት ትተው ወደ ሌላው የሚሻገሩት ዕቃው በእኛ እጅ ሆኖ ገና ሲሠራ ነው። ስለዚህ የመለዋወጫው ጉዳይ መነሣት ያለበት ዕቃው በተገዛ ቀን ነው። በጨለመ ቀን የሚጀመር ፍለጋ ብዙውን ጊዜ የዘገየ ፍለጋ ነው። ያም ሆኖ፣ ዕቃው ተገዝቶ፣ አርጅቶ፣ ጨልሞ በእጃችን ላለው ለእኛ የቀረ ነገር አለ፤ ከፍለጋው በፊት ግን ምርመራ ይቅደም።

የቤት ቴሌቪዥን ተበላሸ እንበል። ጣቢያ ሲቀየር ድምፁ ይቀየራል፤ ምስል ግን የለም። ሲመሽ የክፍሉን መብራት አጥፉና የሞባይላችሁን ባትሪ አብርታችሁ ከስክሪኑ ጋር አስጠግታችሁ በጎን በኩል አብሩበት። ደብዘዝ ያለ ሰው ወይም ጽሑፍ ሲንቀሳቀስ ካያችሁ ፓኔሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚሠራው መስታወት፣ ደኅና ነው። የሞተው ከኋላው ያለው መብራት ነው፤ ጠጋኞች ባክላይት የሚሉት። ኤልሲዲ በራሱ ብርሃን የለውም፤ ከኋላው የሚመጣውን ብርሃን እያሳለፈና እየከለከለ ነው ምስል የሚሠራው። በድሮዎቹ ያ ብርሃን የሚመጣው ከቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ነበር፤ በአሁኖቹ በረድፍ ከተደረደሩ ጥቃቅን ኤልኢዲ አምፖሎች ይመጣል። አምፖሎቹ የተያያዙት በአንድ መስመር ስለሆነ እንደ መቁጠሪያ ናቸው፤ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሁሉም ይረግፋል። ስለዚህ አንዲት የስንዴ ቅንጣት የማታህል አምፖል ስትቃጠል ሰፊው ስክሪን በሙሉ ይጨልማል፤ ባለቤቱም «ስክሪኑ ሄደ» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። የኤልኢዲ ረድፉ ግን ከፓኔሉ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው፤ አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ይገኛል። ከተቀየረ አይቀር አንዷን ብቻ መቀየር አያዋጣም፤ የቀሩትም እኩል አርጅተዋልና ሙሉውን ረድፍ መለወጥ ይሻላል። ከተቀየረ በኋላ የብርሃኑን መጠን በሪሞት ዝቅ አድርጎ ማየት ዕድሜውን ያረዝመዋል። ሱቅ ውስጥ እንዲያብረቀርቅ ተብሎ ጫፍ ላይ የተደረገው ብርሃን ለቤት አያስፈልግም።

ብርሃኑ ኖሮ ምስሉ ከጠፋ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ቲኮን የሚባል ትንሽ ቦርድ ከዋናው ቦርድ የመጣውን ምስል ለፓኔሉ በሚገባው መልክ ያከፋፍላል፤ እርሱ ወይም ወደ እርሱ የሚሄደው ፍላት ገመድ ሲበላሽ ስክሪኑ ነጭ ይሆናል ወይም ምስሉ ይዘበራረቃል። ገመዱን ነቅሎ፣ ጫፉን አጽድቶ መመለስ ብቻውን ያዳነው ቴሌቪዥን ብዙ ነው። ጭራሽ የማይነሣ ከሆነ፣ በተለይ መብራት ሄዶ በኃይል ሲመጣ የሞተ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚታየው የኃይል ቦርዱ ነው፤ ፊውዝ፣ ወይም አናቱ ያበጠ ካፓሲተር። የካፓሲተሩ ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስታቢላይዘር መግዛት ደግሞ ከተደጋጋሚ ጥገና ይረክሳል።

ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ቋሚ መስመር ሲታይ ነገሩ ይከብዳል። ያ የሚመጣው በመስታወቱ ጠርዝ ላይ በሙቀትና በግፊት ከተጣበቁት ስስ ፊልሞች አንዱ ሲላቀቅ ነው፤ ልዩ ማሽን ይፈልጋል፤ በካውያ የሚሞክር ሰው የባሰ ያበላሸዋል። ተሰንጥቆ ቀለም የፈሰሰበት የሚመስለው ደግሞ ፓኔሉ በእውነት ሞቷል።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው «አይጠገንም» የሚለው ፍርድ ምን ያህል እንደሚቸኮልበት ስለማውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሮበርት ማልኪን የተባለ የባዮሜዲካል ምህንድስና ምሁር ከባልደረባው ጋር ባሳተመው ጥናት፣ በ11 ድሃ አገሮች በ60 ሆስፒታሎች ከአገልግሎት ውጭ ሆነው ከቀረቡ 2,529 መሣሪያዎች 1,821ዱ ከውጭ መለዋወጫ ሳይመጣላቸው፣ በአካባቢው በሚገኝ ነገር፣ አብዛኛዎቹም በመጠነኛ ዕውቀት፣ ወደ ሥራ ተመልሰዋል። ከአራቱ ሦስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። እነዚያ ሁሉ መሣሪያዎች አንድ ጊዜ «መለዋወጫ የለውም» ተብሎላቸው ይሆናል።

ግን ፓኔሉ ራሱ ከሞተስ? አሁን ወደ ፍለጋው እንግባ።

የመጀመሪያው ነገር፦ ቴሌቪዥኑ ፊት ላይ የተጻፈውን ስም ይዛችሁ አትሂዱ። በሣጥኑ ጀርባ ያለው ሞዴልም አይበቃም። አንድ ሞዴል ተብሎ የተሸጠ ቴሌቪዥን እንደ ወጣበት ወር የተለያየ ኩባንያ ፓኔል ሊኖረው ይችላል። የሚፈለገው ቁጥር ያለው ውስጥ ነው፤ ሽፋኑ ሲወልቅ በፓኔሉ በራሱ የብረት ጀርባ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች። እርሷ ላይ ያለው ጽሑፍ የተማረ ሰው ለሚያነበው ብዙ ይናገራል። የፈረንጅ ፊደሎቹ ኤልሲ ብለው ከጀመሩ ፓኔሉ የኤልጂ ዲስፕሌይ ነው፤ ኤልቲኤ ካሉ የሳምሰንግ፤ ቪ ካለ ቀድሞ ቺሜይ ኋላ ኢኖሉክስ የተባለው የታይዋን ኩባንያ፤ ቲ ካለ ኤዩኦ የተባለው ሌላው የታይዋን ኩባንያ ነው። ቀጥለው የሚመጡት ሦስት ቁጥሮች መጠኑን ይናገራሉ፤ 320 ማለት 32 ኢንች፣ 315 ማለት 31 ኢንች ተኩል፣ 420 ማለት 42 ኢንች ነው። የቀሩት ፊደሎችና ቁጥሮች የነጥቡን ብዛት፣ የመሰኪያውን ዓይነትና ስንተኛ እትም መሆኑን ይለያሉ፤ እዚያ ላይ የአንዲት ፊደል ልዩነት መሰኪያው እንዳይገባ ወይም ምስሉ እንዲገለበጥ ያደርጋል። ስለዚህ ወረቀቷን በሞባይል ፎቶ አንሱ፤ መሰኪያውንም በቅርብ አንሱት፣ ጥርሶቹ እስኪቆጠሩ ድረስ። መርካቶ ላለው ነጋዴ «የ32 ኢንች ስክሪን አለህ ወይ?» ብላችሁ ብትደውሉ አለኝ ይላችኋል፤ አለውም፤ የእናንተ ግን አይደለም።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር ልበል። በአንድ ቴሌቪዥን ውስጥ ከሁሉ የሚወደደው ዕቃ ፓኔሉ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ዋጋ ከግማሽ በላይ ይሆናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ መወሰን ከጀመረ በኋላ የውጭ ዕቃ ሁሉ መናሩን ታውቃላችሁ። ስለዚህ ኳስ መትቶት ለተሰነጠቀ የቤት ቴሌቪዥን አዲስ ፓኔል መፈለግ በአብዛኛው አያዋጣም፤ ይህን በግልጽ መናገር ያለባቸው ጠጋኞች ናቸው። የተሰነጠቀው ቴሌቪዥን ቦርዶቹ ግን ደኅና ስለሆኑ ለሌላ ሰው መድኃኒት ይሆናሉ፤ መብራት ቦርዱን ያቃጠለበት የጎረቤት ቴሌቪዥን ደግሞ ፓኔሉ ደኅና ነው። ሁለቱ ባለቤቶች ቢገናኙ ከሁለት ሙት አንድ ሕያው ይወጣል። የአዲስ አበባ ጠጋኞች የሚኖሩት በዚህ ነው፤ መርካቶ ምናለሽ ተራ አንዱ የጣለውን ለሌላው የሚያበጅ ሰፈር ነው፤ ቁራሌው በየመንደሩ የሚለቅመውም አብዛኛው መጨረሻው ወደ ጥቅም ነው። እዚህ ግን ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ያሉት ጠጋኞች እርስ በርስ የሚጠያየቁበት መዝገብ የላቸውም። የሞቱ ቴሌቪዥኖችን የፓኔል ቁጥር በአንድ ደብተር እየጻፉ በስልክ ቢለዋወጡ ብዙው ፍለጋ ዓባይን ሳይሻገር ያልቅ ነበር።

ትክክለኛው ፓኔል ካልተገኘ ሌላ መንገድ አለ። መጠኑ የሚገጥም ማንኛውንም ፓኔል አግኝቶ ዩኒቨርሳል ቦርድ በሚባለው ማስነሣት ይቻላል፤ የቤት ቴሌቪዥን ላይ ተለምዷል። በክፍል ላለው ፕላዝማ ደግሞ ከዚህም ይቀላል። የሳተላይቱ ሪሲቨር ምስሉን የሚያወጣው ማንኛውም ቴሌቪዥን በሚቀበለው ገመድ ነው፤ ስለዚህ ፕላዝማው ቢሞትም ሪሲቨሩ፣ ሳህኑ፣ ገመዱና መስቀያው አብረውት አልሞቱም። 42 ኢንች ፕላዝማ ከ200 እስከ 300 ዋት አልፎም ይጎትት ነበር፤ ተመጣጣኝ የዛሬ ኤልኢዲ መቶም አይሞላም። በጄኔሬተር ወይም በፀሐይ ኃይል ለሚሠራ ትምህርት ቤት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። የፕላዝማን ፓኔል ለመተካት ሌላ አሮጌ ፕላዝማ ፍለጋ መባከን ዛሬ ትርጉም የለውም፤ ይህ የግሌ አስተያየት ነው፤ የሚከራከረኝ ካለ እሰማለሁ።

ይህን ስል ግን በየግምጃ ቤቱ ያሉት ፕላዝማዎች ሁሉ ሙት ናቸው ማለቴ አይደለም። ፕላዝማ ውስጥ ከፓኔሉ ይልቅ ቶሎ የሚቃጠሉት 200 ቮልቱን በምት የሚያወጡት ቦርዶች ናቸው፤ ባለሙያዎች ዋይ-ሰስና ዜድ-ሰስ ይሏቸዋል። ስለዚህ ተመሳሳይ ሞዴል የሆኑ አምስት ሙት ፕላዝማዎች አንድ ላይ ቢሰበሰቡ፣ አንዱ ፓኔሉ የተሰበረ፣ ሌላው ዋይ-ሰሱ የተቃጠለ፣ ሌላው የኃይል ቦርዱ የሄደ ሊሆን ስለሚችል አንድ ሁለቱን ማንሣት ይቻላል። የሚያስቸግረው ሕጉ ነው። የመንግሥት ንብረት ስለሆኑ አንዱን ፈትቶ ለሌላው መስጠት ፊርማ ይፈልጋል፤ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 ደረሰኝ የተቀበለውን ዕቃ ሙሉውን ነው የሚጠየቀው። አሠራሩ የተዘጋጀው ሌብነትን ለመከላከል ስለሆነ አልወቅሰውም። ነገር ግን በጎረቤት ወረዳዎች ያሉ ትምህርት ቤቶች ዕቃዎቻቸውን በኮሚቴ አስመዝግበው፣ በአንድ ቦታ ሰብስበው፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህራንና ተማሪዎች እንዲፈቷቸው ቢደረግ ንብረቱም ይጠበቃል፣ ተማሪውም ሥራ ይማራል። የማይነሡት በደንቡ መሠረት ይወገዱ። የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝን የሚመለከት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ወጥቷልና ከሌላው ቆሻሻ ጋር ጉድጓድ መጣል አይገባም። ከድሮዎቹ ኤልሲዲዎች ጀርባ ያሉት የመስታወት ቱቦዎች ሜርኩሪ አለባቸው፤ ጀርባው ወፍራም የሆነው ሆዳሙ አሮጌ ቴሌቪዥን መስታወቱ ውስጥ እርሳስ አለው።

ስለ ሆዳሙ ቴሌቪዥን ካነሣሁ አይቀር፣ እባካችሁ ወጣቶች ያለ አስተማሪ አትክፈቱት። ሲሠራ ከ20,000 ቮልት በላይ በውስጡ ይዞ ነው፤ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ያስቀረው ይኖራል። ፕላዝማም ቢሆን ነቅሎ ወዲያው እጅ የሚከተቱበት ዕቃ አይደለም።

ወደ ትንሹ ስክሪን ልመለስ፤ የእህል ነጋዴውንና የላቦራቶሪ ባለሙያውን የሚያገባ ነው። በዲጂታል ሚዛን ላይ ቁጥሩ ተቆራርጦ ሲታይ፣ 8 መሆን ያለበት 3 ሲመስል፣ ገዢና ሻጭ ይጣላሉ። አብዛኛውን ጊዜ መስታወቱ አልተበላሸም። መስታወቱን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ አይደለም፤ አንዷ ንብርብር ኤሌክትሪክ የምታስተላልፍ፣ ቀጥላ ያለችው የማታስተላልፍ ሆነው የተደረደሩበት ቀጭን ላስቲክ ነው። የጤፍ ብናኝና እርጥበት ሲገባበት ወይም ብሎኑ ሲላላ አንዳንዱ መስመር ይቋረጣል። ሽፋኑን ከፍቶ፣ ላስቲኩንና የሚያርፍበትን ቦታ በንጹሕ አልኮል ጠርጎ፣ በቦታው መልሶ ብሎኖቹን እኩል ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑን በታወቀ ክብደት ማረጋገጥ አይረሳ። ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ፀሐይ የመታው ገጹ ከጠቆረ ደግሞ የጠፋው መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ፖላራይዘር የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ተልጦ በአዲስ ይተካል።

በላቦራቶሪ መሣሪያዎች ላይ ሁለት መስመር ጽሑፍ፣ በየመስመሩ 16 ፊደል የሚያሳይ ትንሽ ስክሪን አይታችሁ ይሆናል። እርሱን የሚያዘው ቺፕ ሂታቺ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ነው፤ ሌሎች ፋብሪካዎች ሁሉ ያንኑ የእግር አቀማመጥና ያንኑ ትእዛዝ ተከትለው ሠሩ። ውጤቱን ተመልከቱ፤ በጣም ውድ የነበረው ፕላዝማ ፓኔል ዛሬ በዓለም ላይ አይሠራም፤ ይህ ርካሽ ስክሪን ግን እስከ ዛሬ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ አለ፤ ተማሪዎች ለፕሮጀክት ይገዙታል። ሠላሳ ዓመት የሞላው መሣሪያ ስክሪኑ ቢሞት የዛሬውን ገዝቶ ማስገባት ይቻላል። ሁሉም የተስማማበትን መደበኛ ዕቃ የያዘ መሣሪያ ሲያረጅም ወላጅ አልባ አይሆንም። መሣሪያ ለሚገዛ ሰው ይህ ከአብረቅራቂነት ይልቅ ሊታይ የሚገባው ነው።

የሆስፒታሉ ጉዳይ ከሁሉም ይከብዳል። የአልትራሳውንድ ማሽን ስክሪኑ ሲጨልም፣ የማሽኑ ዋጋ ከስክሪኑ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ብዙ ስለሆነ፣ ለቤት ቴሌቪዥን አያዋጣም ያልኩት እዚህ ያዋጣል። ብዙዎቹ አሮጌ አልትራሳውንዶች ከኋላቸው ለፎቶ ማተሚያ የተሠራ የቪዲዮ መውጫ አላቸው። ገመድ አግኝቶ ተራ ቴሌቪዥን ላይ ቢሰኩት ምስሉ ከመጣ ማሽኑ ሕያው ነው፤ የሚፈለገው ሞኒተር ብቻ ነው። ሐኪሙና የባዮሜዲካል ባለሙያው የምስሉን ጥራት አይተው ሳያረጋግጡ ግን በዚያ ቴሌቪዥን ታካሚ መመርመር የለበትም፤ ጥቁረቱና ንጣቱ በተዛባ ስክሪን ላይ በሽታ ሊሰወር ይችላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲን የመሰሉ ተቋማት የባዮሜዲካል መሐንዲሶችን እያስመረቁ ነው። መሐንዲሱ ግን ጨረታው ካለፈ በኋላ ሲጠራ ምን ያደርጋል?

አሁን ስለ ግዥ የምለውን ልበል። የትምህርት ቤት፣ የሆስፒታል ወይም የኅብረት ሥራ ማኅበር የግዥ ኮሚቴ አባል የሆናችሁ፣ በጨረታ ሰነዱ ላይ ጥቂት ነገር አስገቡ። አቅራቢው የስክሪኑን የፓኔል ቁጥር በጽሑፍ ይስጥ። ከየዐሥሩ ዕቃ ጋር ቢያንስ አንድ መለዋወጫ ፓኔል ወይም ሙሉ መለዋወጫ ዕቃ አብሮ ይምጣ፤ በኋላ በሦስት እጥፍ ዋጋ ከመፈለግ ይሻላል። የጥገና መመሪያው፣ የተጠቃሚው ብቻ ሳይሆን የጠጋኙ፣ ከዕቃው ጋር ይቅረብ። ዕቃው ወደ ሌላ ስክሪን የሚሰካበት መደበኛ መውጫ ይኑረው። በ2500 ሜትር ከፍታ እንደሚሠራም አምራቹ በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ ከፕላዝማ ሌላም ከፍታ የሚነካቸው ዕቃዎች አሉ፤ ለምሳሌ ቀጭን አየር ሙቀትን በደንብ ስለማይወስድ በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ መሣሪያ ሁሉ እዚህ ይበልጥ ይሞቃል። የተገዛው መለዋወጫ ደግሞ ማን ዘንድ እንደተቀመጠ ይታወቅ። ርእሰ መምህሩ ሲቀየር ቁልፉ አብሮ የጠፋበት ግምጃ ቤት ውስጥ ያለ መለዋወጫ የለም ከማለት አይለይም።

በመጨረሻ ስለ ማጓጓዝ፣ ምክንያቱም ተገኝቶ፣ ተገዝቶ፣ መንገድ ላይ የሚሰበረው ጥቂት አይደለም። ፓኔል ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚጓዘው። አጋድማችሁ ከጫናችሁት መሃሉ በራሱ ክብደት ይረግባል፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ደኅና የነበረው የዓባይን በረሃ ወርዶ ደጀን እስኪወጣ ይሰነጠቃል። የአውቶቡስ አናት ላይ ከጤፍ ጆንያ በታች የሚጫን ዕቃ አይደለም። በሁለት ጠፍጣፋ ስፖንጅ መካከል አድርጉት፤ ካርቶኑ ላይ የትኛው ወደ ላይ እንደሚሆን በአማርኛ በትልቁ ጻፉበት፤ የፈረንጁን ቀስት ሁሉም ጫኝ አያነብም። መናኸሪያ ደርሶ ስትረከቡ ሾፌሩና ረዳቱ ሳይሄዱ ካርቶኑን ክፈቱ፤ መስታወቱን ወደ ብርሃን አዙራችሁ አራቱንም ማዕዘን ተመልከቱ፤ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከማዕዘን ነው። ከጠርዙ የሚወጡትን ስስ ፊልሞች በእጅ አትንኳቸው። ቁጥሩን ከያዛችሁት ፎቶ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ፤ የመጨረሻዋ ፊደል ከተለየች አትክፈሉ፤ ሻጩን እዚያው ደውሉለት።